ዜማን መንገድ ወጥቶ የሚቀበል አንጎል

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ጎበዝ፣ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደምን ዋላችሁ! (ታዳሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ) እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ጎጃም መሆኔን አመንኩ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መሪጌቶቻችን፣ መምህራን፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ «ስለ አንጎልና ሙዚቃ ይንገሩን፤ ግን እባክዎ እንደ ሐኪም እንዳያወሩ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። እሞክራለሁ። የነርቭ ሐኪም ነኝ እንጂ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ድምፄን የሰማ ሰው ደግሞ ይህን ለማመን አይቸገርም። (ሳቅ)

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል። መሪጌቶች ዜማንና ዘፈንን በአንድ አፍ ስጠራ ይቅር ይበሉኝ። የነፍሱን ጉዳይ ለእናንተ እተዋለሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ሥጋው፣ ከራስ ቅል ሥር ስላለው ነገር ነው።

በሉ እንሞክር። እኔ አጨበጭባለሁ፤ ምቱን ስትይዙት ተከተሉኝ። (ጭብጨባ) እንደዚህ... ጥሩ... ጥሩ... (ተናጋሪው በድንገት አቆመ፤ አዳራሹ አንድ ጊዜ አጨበጨበ)

ያዝኳችሁ! እኔ ቆምኩ፤ እናንተ ግን አንድ ጨመራችሁ። ማን አዘዛችሁ? እጄ አየር ላይ ቀርቷል፣ ዓይናችሁም እጄን እያየ ነው። ታዲያ ያቺን የመጨረሻዋን ጭብጨባ ማን አመጣት?

ዛሬ የምነግራችሁ በሙሉ ስለዚያች ጭብጨባ ነው። አንጎላችሁ ድምፁ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የተከበረ እንግዳ እየመጣ መሆኑን የሰማ ባላገር ከመደቡ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበላል። አንጎልም ዜማን እንዲሁ ወጥቶ ነው የሚቀበለው። ቀድሞ ይገምታል፣ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ሲመጣም «እንዳልኩት ሆነ» ወይም «አታለልከኝ» ይላል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚገባና ሰውነታችን ለምን እንደሚነቃነቅ። ሁለተኛ፣ ለምን ደስ እንደሚለን። ሦስተኛ፣ ለሕመምተኛና ለልጅ ምን እንደሚሠራ። 

ወደ አንደኛው። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። የማሲንቆው ደጋን በጭራው ላይ ሲሳብ አየሩ ይነዝራል፤ ንዝረቱ የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግሩታል። እዚያ ፈሳሽ የሞላበት፣ ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘ ቱቦ አለ፤ በውስጡም የጸጉር ሕዋሳት የሚባሉት ተሰልፈዋል። ቀጭን ድምፅ በመግቢያው አካባቢ ያሉትን ያነቃል፤ ወፍራም ድምፅ በጫፉ በኩል ያሉትን። ይህን አሠራር ያጠናው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ልውጣ፤ ሳልናገረው ብሄድ ያንገበግበኛል። ከእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ወደ አንጎል ዋናውን መልእክት የሚልኩት በአንድ ጆሮ 3500 ገደማ ብቻ ናቸው። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ጥርስ እንኳ አንድ ጊዜ ይተካል፤ እነዚህ ግን አይተኩም። አሁን የሠርግ ዳሳችንን አስቡት። ሞንታርቦው ከዳሱ ምሰሶ ሥር ይቆማል፤ ልጆች ደግሞ የት ነው የሚቀመጡት? ሞንታርቦው ሥር! የሙያ ደኅንነት ባለሙያዎች በድምፅ ኃይል መለኪያ 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይሰማ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስንደርስ የቀረን 15 ደቂቃ ነው። የእኛ ሠርግ 15 ደቂቃ ነው እንዴ? ሙሽሮቹ ገብተው ሳይቀመጡ ያልቃል! በማግስቱ ጆሮው «ጭውውው» የሚልበት ሰው «ሠርጉ ደምቆ ነበር» ይላል። አዎ፣ ደምቋል፤ ጆሮህ ግን ተጎድቷል። እባካችሁ ልጆቹን ከሞንታርቦው አርቋቸው። ዲጄዎችም ካላችሁ ዝቅ አድርጉት።

ተመለስኩ። መልእክቱ በነርቭ ተጉዞ፣ በአንጎል ግንድና በመካከለኛው ጣቢያ በታላመስ አልፎ፣ ከጆሯችን በላይ ወዳለው የመስሚያ ክፍል ይደርሳል። ብዙ ሰው ነገሩ እዚያ የሚያበቃ ይመስለዋል። አያበቃም! ምንም እንዳይንቀሳቀሱ የታዘዙ ሰዎች የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ ተጋድመው ምት ብቻ ሲሰሙ፣ እንቅስቃሴን የሚያቅዱት ክፍሎች ሥራ ይጀምራሉ። እጅ አልተነሳም፣ እግር አልተነሳም፤ አንጎል ግን ጭፈራውን ጀምሯል። እንግዲህ ከበሮ ተመትቶ ትከሻው ዝም ያለ የጎጃም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ካያችሁ ወደ እኔ ላኩት፤ መመርመር አለበት። (ሳቅ)

ይህ ነገር ከስንት ዓመታችን ይጀምራል? ከስንት ቀናችን ብትሉኝ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሁለት ሦስት ቀን ለሆናቸው፣ ለዚያውም ለተኙ ሕፃናት የከበሮ ምት አሰሙ፤ ከጭንቅላታቸው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረቱን እየለኩ። ዋናው ምት ሲጎድል የሕፃናቱ አንጎል «ኧ? የት ሄደ?» የሚል ምላሽ ሰጠ። ተኝተው ነው! ስም ገና አልወጣላቸውም፤ ምቱን ግን ይጠብቁታል።

እኔ ዘንድ የሚመጡ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች አሉ። ይህ በሽታ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ሕዋሳት እየሞቱ የሚመጣ ነው፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ አንዳንዴም ሰውየው በቆመበት ይደርቃል። አንድ አባት ነበሩ፣ ገበሬ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ። የምርመራ ክፍሌ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ተጣበቀ። ልባቸው ወደፊት፣ ጫማቸው እዚያው። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ሊጎትት ሲል «ተው፣ አትጎትታቸው» አልኩና ጠረጴዛዬን እየመታሁ ድም... ድም... ድም... አልኩ። እሳቸው ትንሽ አዳመጡ። አራተኛው ምት ላይ ቀኝ እግራቸው ተነሳ። ከዚያ ግራው። ወንበሩ ድረስ በምት መጡና ሲቀመጡ «ይሄ ለአረሆ ጭፈራም ይሆናል» አሉኝ። (ሳቅ) ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ማይክል ታውት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ሕመምተኞቹ በምት ሲለማመዱ አረማመዳቸው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ከውስጥ የተዳከመው ምት ከውጭ ሲሰጠው እግር የሚይዘው ነገር ያገኛል። መድኃኒቱን ግን አይተካም፤ «ዶክተሩ ከበሮ ይበቃል ብሏል» ብላችሁ ኪኒናውን እንዳታስቆሙ።

አንደኛው ረዘመብኝ። ሁለተኛው፣ ለምን ደስ ይለናል?

ምግብ ደስ ይላል፤ ይገባኛል፣ ያኖራል። ገንዘብም እንዲሁ፣ ምግብ ይገዛል። ዜማ ግን ምን ይገዛል? አየር ነው፤ ነዝሮ ይጠፋል። ታዲያ ለምን ሰውነታችንን ውርር ያደርገዋል? ለምን ጸጉራችን ይቆማል?

ሞንትሪያል ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 መልስ የሚሆን ነገር አገኙ። ሰዎችን «ውርር የሚያደርጋችሁን ሙዚቃ ራሳችሁ አምጡ» አሏቸው፤ ከዚያም እያዳመጡ አንጎላቸውን መረመሩ። ዶፓሚን ፈሰሰ፤ አዎ፣ ያው ፓርኪንሰን ላይ የሚጎድለው። የገረመኝ መፍሰሱ ሳይሆን የፈሰሰበት ጊዜና ቦታ ነው። ያ ተወዳጅ ቦታ ሊመጣ ሲል አንዱ የአንጎል ክፍል ዶፓሚን ይለቃል፤ ሲደርስ ደግሞ ሌላው። ለመጠበቁ አንድ ደስታ፣ ለመድረሱ ሌላ ደስታ! እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዶፓሚንን የሚጨምር መድኃኒት ሲሰጥ የሙዚቃው ደስታ ከፍ እንደሚል፣ የሚገታ ሲሰጥ ዝቅ እንደሚል አሳየ።

ይህን ጥናት ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ምን መሰላችሁ? ቅኔ ማኅሌት!

አጎቴ ቅኔ ቆጥረዋል። ዋሸራን፣ ጎንጅን እያነሱ ያወጉን ነበር፤ የጎጃም ልጅ ሆኖ ስለ እነዚያ ጉባኤ ቤቶች ያልሰማ የለም። ልጅ ሆኜ በዓል ሲሆን ከጎናቸው ያቆሙኝ ነበር። ግዕዙ አይገባኝም፤ ስለዚህ የማየው የሽማግሌዎቹን ፊት ነው። ቅኔው ሲጀመር መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ቤት ያልፋል። ሁለተኛው ቤት መሀሉ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ይሆናል፤ አንገት ይሰግጋል፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ገና አላለቀም እኮ! ከዚያ ቤቱ ሲመታ፣ ወርቁም ሲወጣ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ይበል! ይበል!»

መሪጌቶች እርማት ካላችሁ በኋላ ታርሙኛላችሁ፤ ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው። የመጀመሪያው ቤት በምን ፊደል እንደጨረሰ ጆሮ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለተኛው በምን ድምፅ እንደሚያርፍ አንጎል ያውቃል፣ ቀድሞ ሄዶም ይጠብቀዋል። በምን ምሥጢር እንደሚያርፍ ግን አያውቅም። ሰሙን ይዞ ሲከተል ከቆየ በኋላ ወርቁ ከማያስበው ጎን ይመጣበታል። አስተዋላችሁ? በአንዲት ቅጽበት ጆሮ የጠበቀውን ያገኛል፣ ልብ ደግሞ ያልጠበቀውን። ድምፁ «እንዳልኩት ሆነ» ያሰኛል፤ ምሥጢሩ «አታለልከኝ» ያሰኛል። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲወድቁ ነው ይበል የሚባለው። ሁሉም ነገር እንደተገመተው ቢሆን እንቅልፍ ነው። ምንም የማይገመት ቢሆን ደግሞ ጫጫታ ነው። የቅኔ መምህሮቻችን ማሽን ሳይኖራቸው ያቺን ቅጽበት ለስንት ዘመን ሲያድኗት ኖረዋል።

አዝማሪ ቤትም ያው ነው። «ተቀበል!» ይባላል፣ ግጥም ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደርሶ ትንሽ ያዘገየዋል፤ ማሲንቆውን ብቻ ያስጮኸዋል። ለምን ያዘገየዋል? ረስቶት ነው? አይደለም! እያስጠበቃችሁ ነው። ሽልማቱም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ዘፈን ምንም የማይሰጣቸው ሰዎች አሉ። ጆሯቸው ደኅና፣ ዜማውን ይለያሉ፣ በሌላ ነገር ይደሰታሉ፤ ሙዚቃ ግን ግድግዳ ነው። ባርሴሎና ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በደንብ አጥንተዋቸዋል። ስለዚህ ሠርግ ላይ ጥግ ይዞ የተቀመጠውን ሰውዬ «ደረቅ» አትበሉት፤ ተፈጥሮው ሊሆን ይችላል።

አንጎል የሚገምተውን ነገር ከየት ያመጣዋል? ከሰማው ነው። በገናን እዩ። ክሩና ድልድዩ መሀል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ ድምፁን እንዲነዝር፣ እንዲጎረብጥ ያደርገዋል። ከሩቅ አገር የመጣ መሣሪያ ጠጋኝ ቢያየው «ተበላሽቷል፣ ላስተካክለው» ይል ይሆናል። እኛን ደግሞ ያ ንዝረት ነው የሚያስለቅሰን። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ቦሊቪያ ጫካ ውስጥ ለሚኖሩ ቺማኔ ለሚባሉ ሰዎች ምዕራባውያን «የሚስማማ» እና «የሚጋጭ» የሚሏቸውን የድምፅ ጥምረቶች አሰሟቸው። ለቺማኔዎቹ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ጣዕም ከእናት ቤት ይለመዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ላይ ደረስን። ውኃ ካለ አቀብሉኝ። አመሰግናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ላይ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም «ታን» ከምትል ቃል በቀር መናገር የማይችል ሕመምተኛ ነበረው። ሰውየው ሲሞት አንጎሉን አየው፤ በግራ በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ተጎድቷል። የንግግር ማውጫው በአብዛኞቻችን በግራ በኩል ነው። ዜማ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይቀመጥም፤ ቀኙም ግራውም ይሠራበታል።

አንዲት እናት ስትሮክ መትቷቸው መጡ። ግራው አንጎል ነው የተጎዳው። የሚሉት «እሱ... እሱ...» ብቻ ነው። የባላቸውን ስም ማለት አይችሉም፤ የሚባለው ግን ይገባቸዋል፣ በዚህም ያለቅሳሉ። ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ እኔ ማነኝ? በይ፣ እኔ ማነኝ?» እያለች ታስጨንቃቸዋለች። የልጅ ልጃቸው ዲያቆን ነው። አንድ ከሰዓት አልጋቸው አጠገብ ቆሞ፣ ምን እንዳሳሰበው አላውቅም፣ ካህኑ በቅዳሴ እንደሚለው በዜማ «ሰላም ለኵልክሙ» አለ። እሳቸው ቀና ብለው፣ በዜማው፣ ጥርት አድርገው፦ «ምስለ መንፈስከ»። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ደነገጥን። ልጅቷ እግራቸው ላይ ወደቀች።

አሁን ተጠንቅቃችሁ ስሙኝ። ዜማውን መለሱ ማለት መናገር ጀመሩ ማለት አይደለም። በነጋታው አሁንም «እሱ... እሱ...» ነበር። ግን በር እንዳለ አወቅን። በዚያ በር የሚገባ ሕክምና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ቦስተን ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ነው ያወጡት። የሚያስፈልገውን ዓረፍተ ነገር በሁለት ድምፅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያዜሙታል፤ በዚያው ልክ የግራ እጅን መታ መታ ያደርጋሉ። «ውኃ - ስጡኝ»፣ ከፍ ዝቅ፣ መታ መታ። ከሕመምተኛው ጋር አብሮ፣ ከዚያ ግማሹን ትቶ፣ ከዚያ ለብቻው፤ ዜማውም ቀስ በቀስ ወደ ተራ ንግግር ይመለሳል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለሁሉም አይሠራም። እኚያ እናት «ውኃ» እና «ቡና» ለማለት በቅተዋል። ጎጃም ላይ ቡና ማለት ከቻልሽ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። (ሳቅ)

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያንም እንዲሁ ናቸው። ልጃቸውን ረስተው የሠርጋቸውን ዘፈን ያስታውሳሉ። ላይፕዚግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የቆየ ዜማ የሚያስታውሱትን የአንጎል ቦታዎች ለየና አልዛይመር እነዚያን ቦታዎች ከሌሎች ዘግይቶ እንደሚነካቸው አገኘ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ አያት ካለ «እኔ ማነኝ?» እያላችሁ ከመፈተን የወጣትነታቸውን ዘፈን ጀምሩላቸው።

ስለ ሕመም ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ያዜመው አልተሰማውም፣ የሰማው ንጉሥም አላየም። እኔ ለገድል ማስረጃ አቅራቢ አይደለሁም። ግን ከ70 በላይ የሆኑ፣ ወደ 7000 የሚጠጉ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ያካተቱ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠቃለው ሲታዩ ሙዚቃ የሰሙት ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል፤ ማስታገሻ የጠየቁትም ባነሰ መጠን ነው። ርካሽ ነገር ነው፤ አንድ ስልክና አንድ ማዳመጫ። ዋርድ ውስጥ የምትሠሩ ነርሶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው።

ልጆቹ ጋ ልድረስና ልጨርስ። ባለፈው አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ሆዷ ላይ የስልክ ማዳመጫ አስራ መጣች። «ምንድን ነው?» ስላት «ሞዛርት ነው፣ ልጁ ጎበዝ እንዲሆን» አለችኝ፤ የድሮውን አውሮፓዊ የሙዚቃ ደራሲ ማለቷ ነው። ይህ ወሬ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1993 የኮሌጅ ተማሪዎች ሞዛርትን አዳምጠው የቅርፅ ጥያቄ ሲሠሩ ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ተሻሉ። ይኸው ነው! ሕፃን አልነበረም፣ ጽንስም አልነበረም። ከዚያ ወሬው ሲንከባለል አድጎ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ገዥ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ የሙዚቃ ሲዲ እንዲታደል በጀት ጠየቁ። በኋላ ሲጣራ ነገሩ ሙዚቃ ከሚሰጠው መነቃቃት ብዙም አያልፍም።

እውነተኛው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዲህ አለ፦ የስድስት ወር የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት ሰምተውት የማያውቁትን የባልካን አገሮች ያልተስተካከለ ምት ሲዛባ ይለያሉ። አሥራ ሁለት ወር ሲሞላቸው አይለዩም፤ ቤታቸው የሚሰማው ላይ ጠብበዋል። ደጋግመው ካሰሟቸው ግን ይመለስላቸዋል። አዋቂዎቹ ያንኑ ያህል ቢሰሙም አልመለስላቸው አለ። የክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎችም፣ ይኸኛው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው፣ የግራ እጅ ጣቶቻቸውን የሚወክለው የአንጎል ቦታ ሰፍቶ ተገኝቷል፤ ከሁሉ የሰፋው በልጅነት የጀመሩት ላይ ነው። ማሲንቆ የሚይዝ የአዝማሪ ልጅ በስንት ዓመቱ እንደሚጀምር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

እና ለዚያች እህት «ማዳመጫውን ፍቺውና አንቺው እሹሩሩ በይው» አልኳት። «ድምፄ አያምርም» አለች። «የእኔም አያምርም፤ ልጆቼ ግን እስካሁን አልከሰሱኝም» አልኳት። (ሳቅ) አባቶችም አትሳቁ፤ እናንተንም ይመለከታል። ሌሊት ላይ ሕፃኑን ለእናቱ ብቻ አትተዉት።

ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው። ጥያቄ ከኋላ ካሉት ተማሪዎች እንጀምር ብዬ ነበር፤ ግን ስለ ጉባኤ ቃና ከተናገርኩ ጀምሮ መሪጌታ ከፊት መቋሚያቸውን ሲያወዛውዙብኝ አይቻለሁ። ማይክራፎኑን ለእሳቸው ስጧቸው፤ ያርሙኝ። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። (ጭብጨባ)